ገጽ አርባ ሦስት

የዳንዲ ከተማ የጤና ዕቅድ፣ አምስት ዓመት ሞላውና፣
"አድሰው" ብለው ሰጡኝ፣ ከነአቧራው እንደገና።
ሰማያዊ የነበረውን ሽፋን፣ አረንጓዴ አረግኩት በአንዴ፣
የድሮን ቃል ባዲስ መለወጥ፣ ሙያዬም ነው፣ ልማዴ።
"እናስባለን" የሚለውን፣ "እንተጋለን" ብዬ ሻርኩት፣
"ድሃ" የሚለውን አውጥቼ፣ "ተጋላጭ" በሚል ተካሁት፣
"እኩልነት"ን ዘጠኝ ጊዜ፣ መግቢያው ላይ ብቻ ዘራሁት።
ዘርቶ መተው ይቀላል፤ ማጨዱን ማን ጠየቀኝ?
አለቃዬ ሚስ ፌርዌዘር፣ "ግሩም ነው" ብላ ላከችኝ።

ሕዝብ ይመከር ይላል ደንቡ፤ ስብሰባ ጠራሁ ሐሙስ ማታ፣
በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ከልጆች መጻሕፍት ጎን ቦታ፤
ስልሳ ወንበር ደረደርኩ፣ ሦስት ሰው መጣ በጠቅላላ፣
አንዱ ዝናብ ሸሽቶ የገባ፣ አንዱ ብስኩት ሊበላ።
ሦስተኛዋ ኤፊ ጌኪ፣ የጆንያ ፋብሪካ ጡረተኛ፣
ትንፋሿ ፉጨት ያለበት፣ ዓይኗ ግን የማይተኛ።

እጇን አላወጣችም፤ ቀጥ ብላ ቆማ አለችኝ፦
"ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ቤቴ፣ ያ ዳገት ነው የገደለኝ።
መሃሉ ላይ ወንበር ነበር፣ መቀመጫው እንጨት፣ እግሩ ብረት፣
ሰካራም ይተኛበታል ብላችሁ ነቀላችሁት።
አሁን ምን ላይ ልረፍ? ምሰሶው ላይ ሥዕል ሰቅላችኋል፣
አንዲት ወጣት ትሮጣለች፤ 'ይራመዱ፣ ጤና ነው' ይላል።"

ጻፍኩ። ብዕሬ ፈጣን ነው።
"የጻፍከውን አንብብልኝ" አለች።
"የተንቀሳቃሽነት ተግዳሮት፣
በአረጋውያን ዘንድ የታየ፣ የመሠረተ ልማት ክፍተት።"
ዝም አለች። መነጽሯን ጠረገች፣ በሹራቧ ጫፍ።
"እኔ የታለሁ እዚህ ውስጥ? ወይስ ስለ ሌላ ሰው ነው የምትጽፍ?"

ስብሰባው ሲያልቅ አብሬያት ወጣሁ፣ ጃንጥላውን ይዤላት፣
ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ጀምሮ፣ ማረፊያዋን ልቆጥርላት።
አንድ፦ የቆሻሻ ገንዳ ጫፍ። ሁለት፦ የቆመ የሰው መኪና።
ሦስት፦ የተዘጋ ባንክ ደረጃ፤ አልተቀመጠችም፣ ርሶ ነበርና።
አራተኛው ላይ አጥር ይዛ፣ አሳየችኝ በከዘራ፣
አራት የብሎን ቀዳዳ፣ ውኃ ያዘሉ በተራ።
"መቃብሩ ይኸውልህ" አለች፤ ሳቅ ስትጀምር ሳል መጣ።
"ታክሲ ልጥራልሽ?" አልኳት። "ለነገውስ?" አለች በቁጣ።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄድኩ፣ ግቢው ሣር ከለበሰው ሰፈር፤
አሥራ አንድ ወንበር ቆጠርኩ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ባሕር፣
በነሐስ የተቀረጸ፦ "ይህን ሥፍራ ይወድ የነበረ፣
በዘጠና ሦስት ዓመቱ አረፈ"።
የተቀመጠ ሰው የለም፤ አንድ ወፍ ክንፉን አራገፈ።

እዚያ ያረፈም ወንበር አለው፤
እዚህ ሳያርፍ ነው የሚያርፈው።

ቢሮ ገብቼ ገጽ አርባ ሦስት ላይ፣ ፋቅኩት ያንን ተግዳሮት ሁሉን፤
"ኤፊ" ብዬ ጀመርኩ፤ ገንዳውን፣ መኪናውን፣ ሳሉን፣
ከነሳቋ፣ ከነቁጣዋ፣ አራቱን የብሎን ቀዳዳውን።
ሚስ ፌርዌዘር በቀይ ጻፈች፦ "ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ዕቅድ?"
የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ፣ በጉንዳን ፊደል፣ በግድ።

ያቺን ጉንዳን ማን እንዳነበባት እንጃ።
ከመንገድ ሥራ ክፍል አንድ ሰው ይሆናል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያፈጠጠ።
ብቻ በመጋቢት አንድ ሰኞ፣
ቀዳዳዎቹ ተሞሉ፣ ወንበር በቦታው ተቀመጠ።

አንድ ወንበር ነው። ሻጋታው ከግድግዳዋ አልለቀቀም፤
ሐኪም ቤቱ ስልክ በሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ በሁለት ከአምስት ይሞላል፤
እኔም ይህን አውቃለሁ።

ኤፊ መጣች። ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች፣
ዳገቱን ሽቅብ፣ የቴይን ወንዝ ቁልቁል አየች፣
ፈረድኩ እንዳለ ዳኛ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ዝቅ ብሏል" አለችኝ። "መነሳቱ ያስቸግራል።
ለሚቀጥለው ዕድሳት ጻፈው።"

ከጎኗ ሆኜ ኪሴን ዳበስኩ፤ ብዕር የለም።
ቦርሳዋን ከፍታ የቢንጎ እርሳሷን ሰጠችኝ፦
ጫፉ የተነከሰ፣ ገና የሚጽፍ።